መልስ፦ በርና መስኮት ከአሮጌ ፕላን ኮፒ ማድረግ ሰልችቶኛል ላልከው

አብሽር ወንድሜ፣ አውቶካድ (የፕላን መሳያው ሶፍትዌር) ላይ ብሎክ፣ ማለትም ደጋግመህ የምታስገባው አንድ ወጥ ሥዕል፣ ሠርተህ ማስቀመጥ ነው። በሩን ሌየር 0 (ሌየር ማለት ሥዕሉ የሚቀመጥበት ንብርብር ነው) ላይ፣ ቀለሙን ባይሌየር (የሌየሩን ቀለም ተከተል) አድርገህ ሳለው፤ ያኔ የምታስገባበትን ሌየር ቀለም ይይዛል። ቤዝ ፖይንቱን (ብሎኩን ስታስገባ የምትይዝበትን ነጥብ) የበሩ ማጠፊያ ጥግ ላይ አድርገው። መሃል ላይ ካደረግከው ግድግዳው ላይ ለመግጠም ስትታገል ትውላለህ። ከዚያ ደብሊውብሎክ (WBLOCK) የሚለውን ትእዛዝ ጽፈህ ለብቻው ፋይል አድርገህ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስብ፤ ስትፈልግ ኮንትሮልና 2 ተጭነህ ከዲዛይን ሴንተር (ፋይሎችህን ከሚያሳየው ፓነል) ጎትተህ ታስገባለህ።

ዩኒቱን (የመለኪያ አሃዱን) ግን አደራ! ኮምቦልቻ ለአንድ መጋዘን ስሠራ በሩን በሚሊሜትር፣ ፕላኑን በሜትር ስዬ፣ የ90 ሳንቲሜትሩ በር 900 ሜትር ሆኖ ቦርከና ወንዝ ድረስ ተዘረጋልኝ። ለካ የኢንሰርሽን ዩኒቱ (ብሎክ ሲገባ የሚታሰብበት አሃድ) ዩኒትለስ፣ ማለትም አሃድ የለሽ፣ ላይ ነበር። ዩኒትስ (UNITS) የሚለውን ትእዛዝ ጽፈህ በብሎኩም በፕላኑም ትክክለኛውን ምረጥ፣ ራሱ ያመጣጥነዋል።