ፕላኑ ላይ ያለው «በም.» ምሥራቅ ነው ወይስ ምዕራብ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከአባታችን የወረስነው አዲስ አበባ ያለ ቦታ አሮጌ ፕላን አለን፣ ራስጌው ላይ «ከፍ. 4» ይላል፣ አዋሳኙ ጋር ደሞ «በም. ወ/ሮ እገሊት፣ በም. የ8 ሜ. መ.፣ በሰ. የቀ. ቤት፣ በደ. ወንዝ» ተብሎ በእጅ ተጽፏል። ሰፈሩ ስለፈረሰ ሄዶ ማየት አይቻልም። መንገዱ በየት በኩል ነው? «ከፍ.»ስ ክፍለ ከተማ ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያውን «በም.» ምሥራቅ፣ ሁለተኛውን ምዕራብ ብለው ያንብቡት፣ መንገዱ በምዕራብ ነው ማለት ነው። ለምን ቢሉ እኛ አገር ውልም ላይ ሆነ ክስ ላይ አዋሳኝ ሲቆጠር የተለመደው በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ ተብሎ ነው፣ የእርስዎም ወረቀት ሰሜንና ደቡብን መጨረሻ ላይ ስላደረጋቸው ያንኑ የተከተለ ነው የሚመስለው።

ግን ልማድ ነውና ጸሐፊው ሊያዘበራርቀው ይችላል፣ በዚህ ብቻ ተማምናችሁ ከማንም ጋር ክርክር እንዳትገቡ። ስዕሉን እዩት። የሰሜን ቀስት ካለው ቀስቱ ወደ ላይ እንዲያመለክት አድርጋችሁ ስትይዙት በቀኝ በኩል ያለው ምሥራቅ ነው። ቦታው በኋላ እንደገና ተለክቶ አዲስ ካርታ ወጥቶለት ከሆነ ደሞ የማዕዘኖቹ የኤክስና የዋይ ቁጥር ሰንጠረዥ ይኖረዋል፣ ኤክሱ የሚበልጠው ማዕዘን ወደ ምሥራቅ፣ ዋዩ የሚበልጠው ወደ ሰሜን ያለው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኤክሱ በ4 የሚጀምር ባለ 6 አሃዝ ነው፣ ዋዩ ግን 1 ሚሊዮን አካባቢ ስለሆነ የሰንጠረዡ ራስጌ ባይነበብ እንኳን አይምታታም።

«ከፍ.» ክፍለ ከተማ አይደለም፣ ከፍተኛ ነው። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛ ተከፍላ ቀበሌዎቹ ከዛ ስር ነበሩ፣ አሁን የምናውቀው ክፍለ ከተማ የመጣው በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ እሱም ሲያጥር «ክ/ከ» ነው የሚባለው። ያው «ክ/» የድሮ ወረቀት ላይ «ክ/ሀ» ሆኖ ከመጣ ክፍለ ሀገር ነው። ስለዚህ አህጽሮት ከመፍታታችሁ በፊት ወረቀቱ መቼ እንደተጻፈ ማየት የግድ ነው፣ ብዙ ሰው ይሄን ዘሎ በዛሬ አስተዳደር ነው የሚያነበው። የቀሩት ቀላል ናቸው፣ የ8 ሜትር መንገድ እና የቀበሌ ቤት።

አማርኛ አህጽሮት ላይ ችግሩ ያለው ምልክቱ ላይ ነው። ያቺው እዝባር (/) «ወ/ሮ» ላይ የቃሉን መሃል ትቆርጣለች፣ «ጽ/ቤት» ላይ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ታሳጥራለች፣ «ክ/ከ» ላይ ሁለቱንም። ነጥቧ ደሞ ጅራቱን ቆርጣ ትተወዋለች፣ በ«ም» ለሚጀምሩ ሁለት አቅጣጫዎች ይሄ አደገኛ ነው፣ ሰው እኮ በዚች ፊደል ምክንያት ርስት ሊያጣ ይችላል። እባካችሁ ፕላን የምትሠሩ ሁሉ «በምሥ.» እና «በምዕ.» ብላችሁ ጻፉ፣ አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚጨመረው።

እርስዎ ደሞ ካርታውን የሰጠው መሬት ጽ/ቤት ፋይል ውስጥ የቦታው ማህደር ካለ አዋሳኙ ሳያጥር የተጻፈበት ደብዳቤ ወይም የልኬት ወረቀት አብሮ ሊኖር ስለሚችል ወራሽነታችሁን የሚያሳየውን ማስረጃ ይዛችሁ ማህተም ያለበት ኮፒ ጠይቁ።