የሳክስፎን ጂ ሻርፕ ቁልፍ ተጣብቆ ሲቀር

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የአልቶ ሳክስፎንዎ የጂ ሻርፕ ቁልፍ ሲጫኑት እንደማይከፈት፣ ክዳኑን በጣትዎ ካነሱት በኋላ ግን ለጥቂት ጊዜ በደንብ እንደሚሠራ ጽፈዋል። ይህ ምልክት በአብዛኛው የሚያመለክተው የሞላ መሰበርን ሳይሆን በክዳኑ ውስጥ ያለው የቆዳ ፓድ (ቀዳዳውን የሚደፍነው ለስላሳ ንጣፍ) ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር መጣበቁን ነው። በትንሿ ጣት የሚጫኑት ቁልፍ ክዳኑን በቀጥታ አይከፍተውም፤ የሚያደርገው በጠንካራ ሞላ ተጭኖት የነበረውን ክንድ ከላዩ ማንሳት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚከፍተው ሌላው ሞላ ደካማ በመሆኑ በምራቅና በጣፋጭ መጠጥ ቅሪት የተለጠፈ ፓድ በቀላሉ ያሸንፈዋል።

የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት በጥቂት የላይተር ቤንዚን አርጥበው፣ ከእሳት ርቀውና መስኮት ከፍተው፣ በፓዱና በቀዳዳው መካከል ያስገቡ፤ ክዳኑን በቀስታ ዘግተው ይክፈቱና ወረቀቱን ያውጡት። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይድገሙት። ክዳኑን ተጭነው ወረቀቱን መጎተት ቆዳውን ስለሚጎዳ እባክዎ አያድርጉት። ፓውደርም አልመክርም፤ ከእርጥበት ጋር ተለውሶ ይጋገራል።

ከጸዳ በኋላም የሚጣበቅ ከሆነ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት፤ ደካማው ሞላ ከልክ በላይ ከጠነከረ ጠንካራውን ስለሚገዳደር ክዳኑ በደንብ ሳይገጥም አየር ያስወጣል።