እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ካወቀ ስለ ወንድሜ መጸለዬ ምን ይጨምራል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ታላቅ ወንድሜ ከእምነት ቤት ከራቀ ስድስት ዓመት አለፈው። ስለ እርሱ ሳልጸልይ ያደርኩበት ቀን አልነበረም። በቅርቡ ግን ስለ እግዚአብሔር ሉዓላዊነትና ስለ ጸጋ ስንማር አንድ ሐሳብ ያዘኝ። መዳን በጸጋ ብቻ ከሆነ፣ የሚድነውንም እግዚአብሔር አስቀድሞ ካወቀ፣ የእኔ ጸሎት ምን ይጨምራል? ከተመረጠ ይመጣል፤ ካልተመረጠም ባለቅስ አይለወጥም ብዬ ጸሎቱን ከተውሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ደግሞስ በእኔ ጸሎት የሚድን ከሆነ፣ ያ በሥራ መዳን አይሆንም? ልቤ ግን አላረፈልኝም።

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ሰላም ይብዛልሽ። ልብሽ ባለማረፉ ደስ ብሎኛል። እንዳያርፍ ያደረገው ማን ይመስልሻል?

የመጀመሪያውን ጥያቄሽን ጳውሎስ ይመልስልሽ። ስለ ምርጫ ከተጻፈው ሁሉ የሚከብደው ሮሜ 9 ነው። ያዕቆብና ዔሳው፣ ፈርዖን፣ ሸክላ ሠሪውና ጭቃው ሁሉም እዚያ አሉ። «ምሕረት ለወደደ ወይም ለሮጠ አይደለም፥ ከሚምር ከእግዚአብሔር ነው እንጂ» የሚለውም እዚያው ነው። ምዕራፉን ጨርሰሽ ምዕራፍ 10ን ስትጀምሪ ግን የምታገኚው ይህን ነው፦ «ወንድሞች ሆይ፥ የልቤ በጎ ፈቃድና ስለ እስራኤል ወደ እግዚአብሔር የምሰጠው ልመና እንዲድኑ ነው።» የምዕራፍ ቁጥር የገባው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ለጳውሎስ ይህ ሳይቋረጥ የሚሄድ አንድ ደብዳቤ ነበር። አንቺ ከሸክላ ሠሪው ተነሥተሽ ጸሎት አቆምሽ፤ እርሱ ከዚያው ተነሥቶ ተንበረከከ።

ለምን? እስቲ «ጌታ ሆይ፣ ወንድሜን መልስልኝ» ስትዪ ምን እያልሽ እንደሆነ አስቢው። እግዚአብሔር የወንድምሽን ልብ መንካትና ማዞር ይችላል ማለትሽ አይደለም? በሩ ላይ ቆሞ የወንድምሽን ውሳኔ ከመጠበቅ በቀር ሥልጣን የሌለው አምላክ ቢሆንማ፣ እርሱን ምን ብለሽ ትለምኚዋለሽ? ልመናሽ ሁሉ ለወንድምሽ በሆነ ነበር። በጉልበታችን ተንበርክከን ስንጸልይ ሁላችንም ሉዓላዊነቱን እናምናለን፤ ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከተነሣን በኋላ ነው።

የሚገርመው፣ በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን የጸጋ ክርክር የተቀጣጠለው በጸሎት ነው። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ «ያዘዝኸውን ስጥ፤ የወደድኸውንም እዘዝ» ብሎ የጸለየው ጸሎት በሮም ሲነገር፣ ሰው በራሱ ፈቃድና ትጋት ትእዛዙን መፈጸም ይችላል ብሎ ያስተምር የነበረው ፔላግዮስ ሰምቶ አልታገሠውም። እግዚአብሔር የሚያዘውን ራሱ የሚሰጥ ከሆነ የሰው ትጋት የት ሊገባ ነው ብሎ ተቆጣ። በሰሜን አፍሪካ የተደረገው የቅርጣግና ጉባኤ በ418 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የፔላግዮስን ትምህርት አወገዘ።

አሁን ሐዋርያት ሥራ 27ን ክፈቺ። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም በመርከብ ይሄዳል፤ 276 ነፍስ ተሳፍሯል። ማዕበሉ ቀንና ሌሊት ሲያናውጣቸው መልአክ ለጳውሎስ ቆሞ፣ ከእርሱ ጋር የሚሄዱትን ሁሉ እግዚአብሔር እንደሰጠው ነገረው። አንድም ሰው አይጠፋም። ነገሩ ያለቀ ይመስላል አይደል? በአሥራ አራተኛው ሌሊት ግን መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ አስመስለው ታንኳይቱን ወደ ባሕር አወረዱ፤ ሊያመልጡ ነው። ጳውሎስ «አንድም አይጠፋም ተብሏልና ይሂዱ» አላለም። መቶ አለቃውንና ወታደሮቹን «እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ትድኑ ዘንድ አትችሉም» አላቸው። ወታደሮቹም የታንኳይቱን ገመድ ቆረጡት፤ በጨለማው ውስጥ ባዶዋን ሄደች። ሲነጋ ሁሉም በዋና፣ በሳንቃና በመርከቡ ስባሪ ወደ ምድር ደረሱ።

የተስፋው ቃል ያን ገመድ መቁረጥ ትርፍ አላደረገውም። መድረሻውን የወሰነው አምላክ ሳንቃውንም፣ ገመዱንም፣ የጳውሎስን ጩኸትም አስቀድሞ ያውቃል። ያንቺ የሌሊት ጸሎት ከእነዚህ አንዱ እንዳልሆነ በምን አወቅሽ?

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። ጳውሎስ ስለ ተሳፋሪዎቹ የተነገረው ቃል ነበረው፤ አንቺና እኔ ስለ ወንድምሽ እንዲህ ያለ ቃል የለንም። ጳውሎስና ሲላስ ለወኅኒ ጠባቂው የተናገሩትን «አንተና ቤተ ሰዎችህ ትድናላችሁ» የሚለውን (ሐዋርያት ሥራ 16፥31) እንደ ዋስትና ወረቀት የሚያድሉ ሰባኪዎች አሉ። ወረድ ብለው ቢያነቡ ግን ቃሉ በወኅኒ ጠባቂው ቤት ላሉት ሁሉ እንደተነገረ፣ እነርሱም ሰምተው እንዳመኑ ያገኙት ነበር። ስለዚህ «በእርግጥ ይመለሳል» አልልሽም። የምትለምኚው ግን ሰው ሁሉ እንዲድን የሚወድ አምላክ ነው (1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥4)፤ ይህን ግን በእርግጥ እልሻለሁ።

ሞኒካን ታውቂያት ይሆናል፤ የአውግስጢኖስ እናት። ልጇ በ383 (እ.ኤ.አ.) ከቅርጣግና ወደ ሮም ሊሄድ ሲነሣ አልለቀውም ብላ ያዘችው። እርሱ ዋሽቷት፣ እርስዋ በወደቡ አጠገብ ባለው የሰማዕቱ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ ስትጸልይ ባደረችበት ሌሊት በመርከብ ሄደ። የለመነችው እንዳይሄድ ነበር። ልጅዋን ወደ ሚላን፣ ወደ ከተማዋ ጳጳስ ወደ አምብሮስዮስ ስብከት፣ ከዚያም በ387 ወደ ጥምቀት ያደረሰው ግን ያው ጉዞ ነው። አውግስጢኖስ ራሱ በኋላ ሲያስበው፣ እግዚአብሔር ዘወትር የምትለምነውን ሊሰጣት ብሎ የዚያን ሌሊቱን እንደከለከላት ተረዳ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ቀላል ነው። የለማኝን እጅ መዘርጋት ሥራ ብሎ ደመወዝ የሚቆርጥለት አለ? «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ይላል ኤፌሶን 2፥8፤ ወንድምሽ ቢድን ክርስቶስ በሞተለት ሞት ይድናል፤ አንቺ የምታደርጊው መለመን ነው።

በምርጫ ጉዳይ ክርስቲያኖች አንድ ቃል እንዳልሆኑ አውቃለሁ። የሆላንድ ፕሮቴስታንቶች በዶርድሬክት ጉባኤ (1618–1619 እ.ኤ.አ.) ስለዚሁ ነገር ተለያይተዋል። እኔ ወደየትኛው ወገን እንደማዘነብል ከላይ ካልኩት ሳይገባሽ አይቀርም። ግን ስለ ጠፋው መጸለይ ይቅር ያለ አንድም ወገን የለም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ጀምሪ። የሦስት ወሩን ለማካካስ ብለሽ ግን ጸሎት አታስረዝሚ፤ የፈራሽው በሥራ መጽደቅ እርሱ ነው። ስሙን ጠርተሽ ለምኚ፣ ከዚያ ተኚ። ስትደውዪለትም ስብከት አታስቀድሚ፤ ስለ ጤናውና ስለ ሥራው ጠይቂው። እርሱ ራሱ ስለ እምነትሽ የጠየቀሽ ቀን ግን ወሬ አትለውጪ። «ያለ ሰባኪስ እንዴት ይሰማሉ?» የሚለውም ያው ሮሜ 10 ነው።