ጥያቄና መልስ፦ ካርዱን ከፍታችኋል?

ዛሬ ማታ የድሬዋ ሲስተር ጥያቄ ትቀበላለች። ለጥናት ስትል የሆስፒታል የሕመምተኛ ካርድ ስታገላብጥ የኖረች ነርስ ናት። ርዕሱ ጉሊያን ባሬ ነው፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቭ ሲያጠቃ ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣው መዛል።

ከዚራ፦ ሲስተር፣ ለጥናት ስንት ሰው እንደታመመ ለማወቅ ኮምፒውተሩ ላይ የበሽታውን ኮድ ብቆጥር አይበቃም?

ሲስተር፦ አይበቃም። ጂ61.0፣ የጉሊያን ባሬ ኮድ፣ ማለት አንድ ሰው ያንን ኮድ ጻፈ ማለት ነው፣ አለቀ። ሐኪሙ ‹ጉሊያን ባሬ?› ብሎ ይጽፋል። ኮድ ሲሆን የጥያቄ ምልክቱ ይጠፋል። ሌላው ደግሞ ‹የእግር መዛል› ተብሎ ሪፈር ይሄዳል፤ እሱን በኮድ አታገኘውም። ካርዱን ክፈት! ሪፍሌክሱን (ጉልበት ሲመታ እግር መዝለሉን) እይ፣ ከጀርባ አጥንት የተቀዳውን ፈሳሽ ውጤት እይ። በመጀመሪያው ሳምንት የፈሳሹ ፕሮቲን ላይጨምር ስለሚችል ቀኑንም እይ። በሽታው በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 1 ወይም 2 ነው የሚይዘው። ከ8 ካርድ 3ቱ ከተሳሳቱ ምን ቀረህ?

መጋላ፦ ቀን ስትዪ በየትኛው አቆጣጠር?

ሲስተር፦ ተባረክ! 3/10/2012 የሚል ካርድ ገጥሞኛል። ኦክቶበር 3 ነው ሰኔ 3? ሰኔ ከሆነ በፈረንጅ ጁን 10፣ 2020 ነው። ወደ 8 ዓመት ሊሳሳት! ገጽ በገጽ ሳገላብጥ ነርሷ ጥግ ላይ ‹ለኮቪድ ማስክ ተሰጥቶታል› ብላለች። ሰኔ ሆነ።

ጀጎል፦ ዋናው ጣጣ ስም ነው። ሐረር ስንት መሐመድ አሕመድ አለ?

ከዚራ፦ ሁሉም ኤሌክትሮኒክ ቢሆን ያልቅ ነበር።

ጀጎል፦ አቦ ተው! መብራት ሲጠፋስ?

ከዚራ፦ ወረቀቱስ አይጠፋም?

ሲስተር፦ ክርክሩን ውጭ። የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ያዙ። ካርድ የጠፋበት ሰው አዲስ ይወጣለታል፤ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል።

ሳቢያን፦ በአጠቃላይ መረጃው ትክክል ነው?

ሲስተር፦ የትኛው መረጃ? ለምን?

መጋላ፦ ልጆችስ?

ሲስተር፦ ከ15 ዓመት በታች ከሆኑ የፖሊዮ ቅኝቱን መዝገብ እይ። በድንገት የዛለ ልጅ ሁሉ ሪፖርት መደረግ አለበት፤ ከዛለ በ14 ቀን ውስጥ 2 የሰገራ ናሙና ይወሰዳል። ከካርዱ ጋር አስተያየው።

ሳቢያን፦ አክስቴ እግሯ ዝሎ ወደ ወገቧ እየወጣ ነው...

ሲስተር፦ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል! ትንፋሽ ሊያጥራት ይችላል። እዚህ ምን ትሠራለህ?

ከዚራ፦ እሺ፣ ኮዱን ቆጥሬ ጥቂቱን ካርድ ባይስ?

ሲስተር፦ ከላይ አንብብ።

ጀጎል፦ ካርዱ ካልተገኘስ?

ሲስተር፦ ‹አልተገኘም› ብለህ ቁጠረው፣ አትሰርዘው። እኔ የሠራሁበት ቦታ የሟች ካርድ ለብቻው ነበር የሚቀመጠው። መጀመሪያ እዚያ ፈልግ።