«ብቻ» የምትለዋን ቃል ፈልጉ

ውድ ወጣቶች፣

ሌሎች ያጋሩትን ኮድ ወደ ፕሮጀክታችሁ ስታስገቡ የአንዱ የአጠቃቀም ፈቃድ ከሌላው ጋር ላይስማማ ይችላል። የዚህ የፈቃድ ግጭት ክፋቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ኮምፓይለሩ አይጮህም፣ ቴስቱም ያልፋል። ፕሮጀክቱን ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ውስጥ እናስገባው ሲባል ግን አንድ ሰው ፋይሎቹን እየከፈተ ራስጌያቸውን (ፈቃዱ የሚጻፍበትን አናታቸውን) ያነባል፤ ያኔ ጉዱ ይወጣል።

መጀመሪያ አቅጣጫውን እወቁ። ኤምአይቲ ብዙ የማይጠይቅ ልል ፈቃድ ነው፤ ጂፒኤል ግን በእሱ ላይ ተመሥርቶ የሚሠራጨው ሥራም በዚያው ፈቃድ እንዲወጣ ያስገድዳል። የኤምአይቲ ኮድ ወደ ጂፒኤል ፕሮጀክት ይገባል፤ የባለመብቱን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ አለመቁረጥ ነው። የጂፒኤል ፋይል ወደ ኤምአይቲ ፕሮጀክት ከገባ ግን አንድ ላይ የሚሠራጨው ሥራ በሙሉ የጂፒኤልን ግዴታ ይሸከማል፤ ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ «ኤምአይቲ» ተብሎ መጻፉ አያድንም። ጨርሶ ፈቃድ ያልተጻፈበት ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ለሁሉ የተሰጠ ይመስላል እንጂ ማንም አልፈቀደላችሁም። እኛም አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ቆጥሮታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አፓቼ 2.0 የተባለውን ሌላ ልል ፈቃድ ከጂፒኤል 2 ጋር ሲያቀላቅል ነው። አፓቼ በፓተንት (በፈጠራ መብት) ለሚከስ ሰው የፓተንት ፈቃዱን ያቋርጥበታል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጂፒኤል 2 ደግሞ በአንቀጽ 6 እንዲህ ያለ ተጨማሪ ገደብ አይቀበልም። ግጭቱ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ጂፒኤል 3 ነው። ስለዚህ ራስጌውን ስታነቡ «ጂፒኤል 2 ብቻ» ይላል ወይስ «2 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ»? ሁለተኛው ከሆነ 3ን መርጣችሁ ትገላገላላችሁ፤ በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ሌላ «2 ብቻ» የሚል ፋይል እስከሌለ ድረስ። እንደ ሊኑክስ ከርነል «ብቻ» የሚል ከሆነ በዚህ በኩል መንገድ የለም።

ግጭት ስታገኙ ፋይሉን ለመሰረዝ አትቸኩሉ። በጊት ሎግ (የኮዱ ለውጥ መዝገብ) ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳሻሻለው አጣሩ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ባለመብት በጽሑፍ ጠይቁ። ከአምስት ባለመብቶች አራቱ ፈቃዱ እንዲቀየር ቢስማሙም የአምስተኛው መስመሮች በድሮው ፈቃድ ይቆያሉ። ቪዲዮላን የተባለው ድርጅት የቪዲዮ ማጫወቻውን የቪኤልሲን ሞተር እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ኤልጂፒኤል (ከጂፒኤል የላላ ፈቃድ) ሲያዞር ገንቢዎቹን እያፈላለገ ማስፈቀድ ነበረበት። ባለመብቱ ከጠፋ ወይም እንቢ ካለ ሌላ ላይብረሪ ፈልጉ፤ ካልተገኘ እንደገና ጻፉት። እንደገና የሚጽፈው ግን የድሮውን ፋይል ያላየ ሰው ይሁን፤ አንዱ ሥራውን በቃል ዘርዝሮ ይስጠው፣ ሌላው ከዚያ ተነስቶ ይጻፍ። የተለዋዋጭ ስም እየቀየሩ «አዲስ ነው» ማለት ለማንም አይዋጥም።

ወደፊት እንዳይደገም እያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ የፈቃዱን ስም በአጭሩ የሚገልጽ የኤስፒዲኤክስ መለያ አንድ መስመር አስገቡ፤ የሊኑክስ ከርነልም እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው ይህንኑ ነው። ሪዩዝ የሚባለውን መሣሪያ አውቶማቲክ ፍተሻው ላይ ጨምሩት፤ ፈቃዱ ያልተገለጸ ፋይል ሲመጣ ራሱ ይጥለዋል። ከስታክ ኦቨርፍሎው (የፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ ድረ ገጽ) የተቀዳ ኮድም ባለቤቱን መጥቀስንና በዚያው ዓይነት ፈቃድ ማጋራትን የሚጠይቅ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አለበት፤ ሃያ መስመር ከሆነ ራሳችሁ ብትጽፉት ይቀላል።

ደግሞም ፋይሉን ከዋናው ቅርንጫፍ ማውጣት የቀደሙትን ሪሊዞች አያጸዳም። የትኞቹ ሥሪቶች እንደያዙት ቼንጅሎጉ (የለውጦች ዝርዝሩ) ላይ በቁጥር ጻፉ፤ ለማውረድ የተቀመጡትንም አንሱ።