የተጠበሰበት ዘይት የት ይግባ?

ጥያቄ፦ ጾም ሲገባ ከቤታችን ሳምቡሳና የድንች ጥብስ አይጠፋም። የተረፈውን ዘይት ሲንክ ውስጥ ደፍቼ የፈላ ውሃ አስከትልበታለሁ። አሁን ከታች ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች «ቱቦውን የደፈንሽው አንቺ ነሽ» እያሉኝ ነው። ባለቤቴ ደግሞ «ዘይት በዚህ ዋጋ ይደፋል?» ይለኛል። ስንት ጊዜ ልጠብስበት? ሳሙናስ ይወጣዋል? (ከሰሚት ኮንዶሚኒየም)

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤቶችሽ እውነታቸውን ነው። የፈላው ውሃ ዘይቱን ካንቺ ቤት ያሻግረዋል እንጂ አያጠፋውም። ዝቅ ብሎ ቱቦው ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ የሩዝ ፍሬና የሽንኩርት ልጣጭ እየያዘ ይወፍራል። የምትጠቀሚው የሚረጋው ፓልም ከሆነማ የአዲስ አበባ ሌሊት ብቻውን ይበቃዋል።

የባለቤትሽም ነገር ልክ ነው። ግን «ስንት ጊዜ» ላልሽው ቁጥር አልሰጥሽም። ዘይቱን እዪው፣ አሽትቺው። ሳምቡሳ ዱቄቱ ስለሚራገፍ ዘይት ቶሎ ያጠቁራል፤ ድንች ብቻ ከሆነ ይቆያል። ሲበርድ በስስ ጨርቅ አጥልዪው፤ የሚያመርረው ከታች የቀረው የተቃጠለ ድቃቂ ነው። ከዚያ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ብርሃን የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው። ድጋሚ ስትጥጂው ሳይግል ከጨሰ፣ አረፋው አልጠፋ ካለ፣ ወይም ሽታው ጉሮሮ ከያዘ አበቃለት። አዲስ ዘይት ቢጨመርበትም አይድንም፣ አዲሱንም ይዞት ይሄዳል። «ለወጥ ይሆናል» እንዳትዪ፤ በርበሬው ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያክመውም። የኑግ ዘይትሽን ግን ለወጥና ለሰላጣ ተዪው። ተደጋጋሚ ግለት አይችልም።

ሳሙና ይወጣዋል። ችግሩ ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ቆዳም ዓይንም ያቃጥላል። ለ1 ኪሎ ዘይት 130 ግራም ገደማ ይገባል፣ ያውም በሚዛን፣ በእፍኝ አይደለም። ሶዳው ውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃው ሶዳው ላይ አይፈስም። የአሉሚኒየም ድስትም አይሆንም፣ ይበላዋል። ከረጋም በኋላ 4 ሳምንት ያህል መቆየት አለበት። ልጆች በሚሯሯጡበት ጠባብ ኩሽና እኔ አልሞክረውም።

ያበቃለትን ዘይት በደንብ ሲበርድ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ገልብጪና ክዳኑን አጥብቀሽ ከቆሻሻው ጋር ስጪ። ትኩሱን እንዳትገለብጪ፣ ፕላስቲኩ ይኮማተራል። ትንሽ ከሆነ አመድ ወይም ሰጋቱራ ላይ አፍስሺና በፌስታል ቋጥሪው። መጥበሻውንም ከማጠብሽ በፊት በሶፍት ጥረጊው፤ ቱቦ የሚደፍነው ይሄ ትንሹም ነው።

ጎረቤቶችሽን በተመለከተ፣ የቱቦ ጠራጊው ሒሳብ ሲመጣ ድርሻሽን ሳትጠየቂ ክፈዪ።