የትኛውን ጎን ነው የማጠቁረው?

እህቴ፣ «የኢንኢኳሊቲ («ያንሳል» ወይም «ይበልጣል» የሚል ምልክት ያለው) ግራፍ ላይ መስመሩን ማስመር አይከብደኝም፣ የማጠቁረው ጎን ግን ሁሌ ይምታታብኛል፤ ምልክቱስ ለምን ይገለበጣል?» ላልሽው፣ እኔም ተማሪ እያለሁ እዚያው ጋ ነበር የምሳሳተው። አሁን የማስጠናቸው የ9ኛ ክፍል ልጆችም እንደዛው።

ጉዱ ያለው «ያንሳል ከሆነ ከታች፣ ይበልጣል ከሆነ ከላይ» የምትለዋ ሽምደዳ ላይ ነው። አንዳንዴ ስለምትሠራ ነው የምትሸውደን። እርሺያት።

ለምሳሌ 2ኤክስ − 3ዋይ < 6 ተሰጠሽ እንበል። መጀመሪያ «እኩል ነው» እንደሚል ቁጠሪው። ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋይ −2 ነው፤ ዋይ ዜሮ ሲሆን ኤክስ 3። ሁለቱን ነጥቦች አገናኚ። ምልክቱ እኩልን ስለማይጨምር መስመሩ የተቆራረጠ ይሁን። ከዚያ (0፣ 0)ን አስገቢ፦ 0 < 6፣ እውነት ነው። ስለዚህ (0፣ 0) ያለበትን ጎን አጥቁሪ። ያ ጎን ደግሞ ከመስመሩ በላይ ነው! ምልክቱ «ያንሳል» እያለ። (መስመሩ ራሱ በ(0፣ 0) ካለፈ ሌላ ነጥብ ውሰጂ።)

ለምን ከላይ ሆነ? ዋይ ፊት ኔጌቲቭ ስላለ፣ ለብቻው ስታወጪው በ−3 ታካፍያለሽ፣ ምልክቱም ይገለበጣል። በዕዳ አስቢው። 5 ብር ያለው 2 ብር ካለው ይሻላል፤ 5 ብር ዕዳ ያለበት ግን 2 ብር ዕዳ ካለበት የባሰ ነው። ቅደም ተከተሉ ዞረ ማለት ነው። ስትደምሪና ስትቀንሺ ግን አይዞርም።

አንድ ተማሪዬ «ቆይ፣ ማጥቆሩ ራሱ ምን ይሠራል?» ብሎ ያዘኝ። ኪስህ 120 ብር አለ፣ ሻይ 15፣ ቦምቦሊኖ 20 ብር ነው አልኩት። 15ኤክስ + 20ዋይ ≤ 120። 4 ሻይና 3 ቦምቦሊኖ ልክ 120 ይመጣል፣ ነጥቡ መስመሩ ላይ ነው፤ እኩልም ስለሚፈቀድ መስመሩ ድፍን ነው። 2 ሻይና 2 ቦምቦሊኖ 70 ብር ነው፣ መልስ ይተርፍሃል፤ ነጥቡ የጠቆረው ውስጥ ገባ። 8 ሻይና 6 ቦምቦሊኖ ካዘዝክ ግን ዕቃ አጥበህ ነው የምትወጣው። በጣም ሳቀና «ግማሽ ቦምቦሊኖስ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እዚህ ላይ የሚሠሩት ጠቆር ባለው ውስጥና በጠርዙ ላይ ያሉት፣ ከዜሮ የማያንሱ ሙሉ ቁጥሮች ብቻ ናቸው። በኪሎ የሚሸጥ ስኳርና ቡና ቢሆን ኖሮ ግን ከዜሮ የማያንሰውን ክፍል ሙሉውን ማጥቆር ነበር።